ሊጡ እጇ ላይ ሳለ

ሞታ አመለጠችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ የምነግራትን ቃል ስስል፣ ስሞርድ ኖሬ፣ አክስቴ ሳሌሃ ወልቂጤ እቤቷ አልጋዋ ላይ በእንቅልፏ ሄደች፤ ያውም ለጁምዓ አጥቢያ፣ ሰው ለደጋጎች በሚመኘው ቀን። አጎቴ ሙስተፋ የደወለልኝ ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ላደርግ ቧንቧ ስከፍት ነው፤ እዚህ ቱርክ አገር ሰዓታችን ከአገር ቤት ጋር አንድ ስለሆነ እነሱ ሲነሱ እኛም እንነሳለን፤ "ዛህራ ልጄ፣ ሳሌሃን አጣናት" አለኝ፣ "ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩት፣ ያለው አፌ ነው፣ አፍ መች ባለቤቱን ያስፈቅዳል፣ ሆዴ ግን አመለጠችኝ ነው ያለው። አሁን ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አልጋዬ ላይ ከነካፖርቴ ተጋድሜ ጣሪያ አያለሁ፣ ውጭው በረዶ ነው፣ በመመረቂያ ጽሑፌ ምክንያት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም፣ አሁን ደግሞ ይሄ፤ ዓይኔን ስጨፍን የሳሌሃ እጅ ይመጣብኛል፣ እስከ ክርኑ ዱቄት የለበሰ እጅ፣ የእንሰት ቅጠል የሚያነጥፍ እጅ፣ ስልክ ዘግቶ ጉያ ውስጥ የሚሸጉጥ እጅ። የዩኒቨርሲቲውን ደንብ ከፍቼ አየሁት፤ ቤተሰብ ለሞተበት ተማሪ ሦስት ቀን ይፈቀዳል፣ ቤተሰብ ማለት እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም ነው ይላል፣ አክስት አይቆጠርም። ደግ አደረገ። ቱርኮች ነገር ያውቃሉ።

አጎቴ መርዶውን ነግሮኝ መች በዚያ አበቃ። "ሃፊዛ እንዳትሰማ፣ አደራ" አለ፤ ሃፊዛ የሳሌሃ ልጅ ናት፣ አንድ ልጇ፣ አባቷ ገና ሳትናገር ነው የሞተባት፣ አሁን አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ነፃ ትምህርት አግኝታ እኔ ያለሁበት ኮንያ ከመጣች ሰባት ወር አይሆናትም፣ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው የምትኖረው። "ሰኞ ፈተና አለባት፤ ፈተናዋን ትጨርስና እቤቷ ሄደሽ፣ አስቀምጠሽ፣ ውሃ አጠጥተሽ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ፣ ከአንቺ ሌላ እዚያ ማን አላት?" ከቡታጅራ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በአረቅጥ በኩል ወደ ወልቂጤ እየሄደ ነው፣ የሚኒባሱ ሬዲዮ ይሰማኛል። ጀናዛው መቼ ነው አልኩት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይወጣል፣ እኔ እንደደረስኩ ሴቶቹ ያጥቧታል አለኝ። "ሃፊዛስ? የእናቷን ፊት አታይም?" "ምን ያደርግላታል ልጄ? ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ነውር አይደለም?" ነውር! ሞት ደበቃ ላይ ስትሆኑ የማይመጣላችሁ ብልሃት የለም፤ ደከም ብሏል ትላላችሁ፣ ስልኩ ተበላሽቷል ትላላችሁ፣ ገጠር ሄዷል ትላላችሁ፣ ከዚያ በሁለት ወሩ ሽማግሌ ልካችሁ አብራችሁ ደረት ትመታላችሁ። እሺ አልኩት። እሺ ብዬ ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ፣ አስተግፊሩላህ፣ ወላሂ ደስ አለኝ፤ ሳሌሃ በእኔ ላይ ያደረገችውን በልጇ ላይ እንዳደርግ ዘመድ አዝማዱ አደራ ብሎ እየለመነኝ ነው። ቂሜን ከነምርቃቱ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ዶርም ነበረኝ፤ እናቴ ሃሊማ ናት "እህቴ እያለችልሽ ምን ብለሽ ከባዳ ጋር ታድሪያለሽ" ብላ ፍራሼን ከቡታጅራ በሚኒባስ ጣሪያ አስጭና አምጥታ ሳሌሃ ቤት ያስገባችኝ። እናቴ ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፣ ታላቋ ሳሌሃ ወልቂጤ በትዕዛዝ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፣ ለሰርግ፣ ለመውሊድ፣ ለሰደቃ። ከትምህርት በፊት ሊጥ፣ ከትምህርት በኋላ ሊጥ። ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ አልክድም። በዚያን ቀን ለሰርግ ሃያ አራት ድፎ ታዟል፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሊወስዱት ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ፣ ወደ ግቢ ወጣች፣ በጉራጊኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አወራች፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። ማነው አልኳት። "ደንበኛ ነው፤ እጅሽን አፍጥኚ።" ዓይኗ ቀልቷል፣ ምነው ስላት "ጭሱ ነው" አለች። እኔም አመንኳት፣ ለምን አላምናት፣ መንዙማ እያንጎራጎርኩ ኮባውን አጥባለሁ፣ አነጥፋለሁ፣ እናቴ ቡታጅራ እየታጠበች ነው፤ ድፎ እገለብጣለሁ፣ እናቴ እየተከፈነች ነው፤ እየሳቅሁ አንዱን ድፎ ዳሩን ቆርሼ እቀምሳለሁ፣ እናቴ ላይ አፈር እየተመለሰ ነው። ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ! ጠዋት ቢነገረኝ ለብሼ፣ ተሳፍሬ፣ ደርሼ፣ በእጄ አጥቤ እሸኛት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ዳቦውን ሊጭን የመጣው ባለባጃጅ ጀማሉ የቡታጅራ ልጅ ነው፣ ገና ሲያየኝ ደነገጠ፣ "አላህ ይዘንላት፣ እናትሽን ሰማሁ፤ አልሄድሽም እንዴ?" አለኝ። ዞር ብዬ ሳሌሃን አየኋት። "ታውቂ ነበር?" አልኳት። "አውቅ ነበር" አለች። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

"እጁ ሥራ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ጨርሰሽ፣ ጎርሰሽ፣ ጎረቤት ሰብስቤ ልነግርሽ ነበር" አለች፤ "የሰው ሰርግ ሊጥ ላይ እንባ አይንጠባጠብም" አለች፤ የማትለው የለም። ቡታጅራ የደረስኩት ለመግሪብ ሶላት ሲጠሩ ነው። በሁለት ወሩ ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ሳሌሃ "አፉ በይኝ ልጄ" ብላ ጉልበቴ ላይ ወደቀች፣ እንደ እናቴ ልትስመኝ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ፣ አፉ ብያለሁ አልኩ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሥጋ ተበላ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በማግስቱ ፍራሼን ወደ ዶርም አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን ልካልኝ አልሰማሁም፣ ለረመዳን የላከችልኝን በሶ ለሌላ ሰው ሰጠሁ፣ ሃፊዛ ኮንያ ስትገባም አውቶብስ ተራ ሄጄ የተቀበልኳት የአጎቴን ዓይን ፈርቼ ነው፣ ከዚያ በኋላ አውቄ አልቀረብኳትም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ እናቴ እህቷ መሆኗ ነው። እህቷ እኮ ናት! ታናሿን፣ በጀርባዋ ያዘለቻትን ልጅ፣ ሳታጥብ፣ ሳትሸኝ፣ የባዳ ሰርግ ዳቦ ስትገለብጥ ዋለች። ለራሷ ያላዘነች ሴት እንዴት አድርጋ ለእኔ ታዝን።

ስልኬ ይጮሃል። ሃፊዛ ናት። አላነሳም ብዬ አነሳሁት። "አሰላሙ አለይኩም ዛህርዬ! ተኝተሽ ነው እንዴ? ተነሺማ፣ ዛሬ ክላስ የለኝም፣ ዱቄት ገዝቻለሁ፣ እርሾ ገዝቻለሁ፣ ዳቦ ልጋግር ነው!" ድምጿ የሳሌሃ ድምፅ ነው፣ ልጅነት ብቻ ነው የተጨመረበት። ከሱቅ አትገዢም ወይ አልኳት። "የዚህ አገር ዳቦ ጥጥ ነው ባክሽ፣ ሲበሉት ነው የሚርብሽ። ሁለት ኪሎ ዱቄት እኮ ሳምንት ያከርመኛል። ደግሞ ከጁምዓ በኋላ ለእማዬ በቪዲዮ ላሳያት ነው፣ ሳትጠብቀኝ! ሁልጊዜ 'ዳቦ ሲያምርሽ ዛህራን ጠይቂ፣ እንደ ዛህራ እጅ የለም' ነው የምትለኝ። ስደውልላት ግን ከጠዋት ጀምሮ አታነሳም።" "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" አልኩ። እንዲህ ነው ለካ የሚባለው! እንዲህ ቀላል ነው! ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። "ኦቨን ግን የለኝም" ትለኛለች፣ እኔም ከአልጋዬ ተነስቼ በመስኮቱ በረዶውን እያየሁ፣ ኦቨን ምን ያደርግልሻል፣ ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት አለሽ ወይ እላታለሁ፣ አለኝ ትላለች፣ ስልኩን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ ድምፁን ከፈተችው።

መጀመሪያ የመጣልኝ በቀል የልጅ በቀል ነው፤ ጨው ሦስት ማንኪያ ጨምሪ ልበላት፣ እርሾውን በሚፈላ ውሃ በጥብጪው ልበላትና ይሙትባት፣ ድንጋይ ትጋግርና ትሳቀቅ። አፌ እምቢ አለኝ። ወላሂ እምቢ አለኝ፣ ሙያዬ አይዋሽም፣ ዳቦ አበላሽቼ የማስተምር ሰው መሆን አልቻልኩም፤ "ሦስት ብርጭቆ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ ስኳር፣ ጨው ግማሽ" እላለሁ፣ "ውሃው ለብ ይበል፣ ጣትሽን ስትነክሪው እንዳይፈጅሽ" እላለሁ፣ ሌላ ሰው የሚናገር ነው የሚመስለኝ። "ጥቁር አዝሙድ እማዬ ሸክፋልኛለች፣ ልጨምር?" ትላለች። "ትንሽ፣ በሁለት ጣትሽ ብቻ።" "ኮባስ? ኮባ ከየት አመጣለሁ?" "የዳቦ ወረቀት ሱቅ ይሸጣል፣ ዘይት ቀብተሽ ድስቱ ውስጥ ታነጥፊዋለሽ፤ ክዳኑን በፎጣ ትጠቀልይዋለሽ፣ እንፋሎቱ ተመልሶ እንዳይንጠባጠብበት፤ እሳቱ ከሁሉ ያነሰው ይሁን፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሰሃን ከድነሽ ትገለብጪና አስራ አምስት።" "ቆይ ቆይ፣ ገና እያቦካሁ ነው! እስከ ስንት ደቂቃ ነው የሚታሸው?" "ላብሽ እስኪመጣ።" ሳቀች። ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፣ ሊጡ ጧ ሲል ይሰማኛል፣ እሷ እኔን ሆናለች፣ እኔ ማንን እንደሆንኩ አውቀዋለሁ። ልክ በዚህ መሃል የአጎቴ መልእክት ገባ፤ ወልቂጤ ደርሻለሁ፣ ሴቶቹ ለማጠብ እየተዘጋጁ ነው፣ ሃፊዛ እንዳትሰማ አደራሽን ይላል።

እንግዲህ ዝም ብል ይበቃል። ምንም ማድረግ የለብኝም። ሴቶቹ ያጥቧታል፣ ከፈኑ ይታሰራል፣ ከዚያ ወዲያ ፊት የሚባል ነገር የለም፣ አይፈታም። ሃፊዛ ዳቦዋን ትበላለች፣ ሰኞ ትፈተናለች፣ ማክሰኞ እቤቷ ሄጄ፣ አስቀምጬ፣ ውሃ አጠጥቼ እነግራታለሁ፣ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ትጀምራለች፤ ጁምዓ ሦስት ሰዓት ላይ ምን እያደረግሁ ነበር፣ እሳቅ ነበር፣ አራት ሰዓት ላይ ምን እያደረግሁ ነበር፣ ሊጥ በብርድ ልብስ ሸፍኜ ማሞቂያው ሥር አስተኛ ነበር፣ እናቴ ስትቀበር ምን እያደረግሁ ነበር፣ እየበላሁ ነበር። ያን ቆጠራ እኔ ነኝ የማውቀው። ዕድሜ ልክ አያልቅም፣ ሰው ክፉ ቢያደርግብሽ ትረሺዋለሽ፣ ሳታውቂ መሳቅሽን ግን አትረሺውም። ሳሌሃ ሆይ፣ አመለጥኩ ብለሻል አይደል? ያንቺን ሥራ በልጅሽ አንጀት ላይ እጽፈዋለሁ፣ አንድም ሰው ክፉ ነሽ አይለኝም፣ እንዲያውም አስተዋይ ልጅ፣ አደራ የማትበላ ልጅ ይሉኛል።

"ዛህርዬ አለሽ? እጄ ሁሉ ሊጥ ሆነ፤ አሁን መጣበቅ ተወ፣ እንደ ጆሮ ልስልስ ብሏል" ትላለች። "ማሻአላህ" አልኳት። "እማዬ ስታይ ታለቅሳለች አየሽ፣ አልቃሻ ናት።" ማን? ሳሌሃ? "ሳሌሃ አልቃሻ?" አልኩ፣ ሳላስበው። "ታዲያስ! አንቺ ከእኛ ቤት ከወጣሽ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታቦካው፣ ሠራተኛ ያዢ ብንላት አሻፈረኝ አለች፣ በሩን ዘግታ ነው። ስታለቅስ ከውጭ እሰማታለሁ። ምን ሆነሽ ስላት ጭሱ ነው ትለኛለች። የምን ጭስ! ምጣዷ እኮ ኤሌክትሪክ ከሆነ አምስት ዓመቱ!" ብላ ትስቃለች፣ በእናቷ ትስቃለች። ይሄን መስማት አልፈለግሁም። ማን ንገሪኝ አለሽ? ስድስት ዓመት ዓይኗን ያልሰበረች ሴት ይዤ ነው የኖርኩት፣ እሷን ነው የማውቃት፣ በእሷ ላይ ነው የተሳልኩት፣ አሁን በመጨረሻው ቀን የምታለቅስ ሴት አምጥተሽ እጄ ላይ ታስቀምጪያለሽ? ደሜ ፈላ። በማን እንደፈላ አላውቅም፣ በሞተችው ይሁን፣ በምትስቀው ይሁን፣ በአጎቴ አደራ ይሁን፣ ለእሷ ብዬ ነው ብዬ አልዋሽም፣ እንዲያማት ፈልጌ ነበር፣ ደግሞም ከፈኑ ሳይታሰር እንድትደርስ ፈልጌ ነበር፣ ሁለቱንም አንድ ላይ።

"ሃፊዛ፣ እናትሽ ሞታለች።"

ሊጡ ዝም አለ። ጠረጴዛው ዝም አለ። "አትቀልጂ" አለች። "አልቀለድኩም። ሌሊት ነው፣ በእንቅልፏ።" "አንቺ መቼ ሰማሽ?" "ሱብሂ ላይ።" በቀጭኑ፣ "ውሃው ለብ ይበል ስትይኝ ታውቂ ነበር?" አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት፣ ሌላ ምን ይባላል፣ ከሱብሂ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሙሉ የደበቅሁት እኔው ነኝ። "ስሚኝ፤ ሊያጥቧት ነው፣ ከፈኑ ከታሰረ አታያትም። ለአጎትሽ በቪዲዮ ደውይ፣ አሁን። እጅሽን አትታጠቢ፣ ደውይ!" ጩኸቷ ስልኩ ውስጥ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ተዘጋ።

አጎቴ ወዲያው ደወለ፣ ከኋላው የሴቶች ዋይታ ይሰማል። "ምነው ዛህራ! ምነው! አደራ ብዬሽ አልነበረም? ልጅቷ ብቻዋን እኮ ናት፣ አንድ ነገር ብትሆንስ?" "ፊቷን አሳያችኋት?" "አሳየናት እንጂ፣ ምን እናድርግ! ሴቶቹ ስልኩን ይዘውላት ገቡ፣ እናቷን ስትጠራ አገር አለቀሰ..." "በቃ" አልኩትና ዘጋሁበት፤ በዕድሜዬ በአጎቴ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ስድስት ዓመት የተጠበቀ ነገር ሲመጣ ሰው አንዳች ነገር ይሰማዋል አይደል፣ ጥጋብ ቢሆን፣ እፎይታ ቢሆን፤ የተሰማኝ ብርድ ነው።

ግማሽ ሰዓት ቆይታ ደወለች። ድምጿ አሮጊት ሆኗል። "አየኋት" አለች፣ "የተኛች ነው የምትመስለው። ግንባሯን ሳምኩት፣ ስልኩን።" አልሃምዱሊላህ አልኩ። "ለምን ነገርሽኝ?" አለች። "እስክጋግረው ብትተይኝ ምን ነበር? እስክበላው ብትተይኝ? ግማሽ ቀን እናት ቢኖረኝ አንቺን ምን ይጎዳሽ ነበር?" ወዲያው ደግሞ "ፊቷን ሳላይ ቀርቼ ቢሆን ግን ዓይንሽን አላይም ነበር፣ ወላሂ እስክሞት አላይም ነበር" አለችና ተንሰቀሰቀች። ግማሽ ቀን እናት። እኔ ነበረኝ። ከአስራ ሁለት እስከ ስምንት ሰዓት፣ መንዙማ እያንጎራጎርኩ፣ የድፎ ዳር እየቀመስኩ፣ እናት ነበረችኝ፤ አጠገቤ ቆማ ያቦካችው ሳሌሃ ግን እህት አልነበራትም። ያን ስምንት ሰዓት የሰረቀችኝ ነው የሚመስለኝ፣ ሰጥታኝ ይሆን እንዴ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁንም አልቀበላትም። ስጦታ ከሆነም ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ የእናቴ ፊት ይሻለኛል እልሽ ነበር፣ ሳሌሃ፣ ምርጫው የእኔ ነበር።

"ሊጡስ?" አለች ሃፊዛ፣ ለቅሶዋ መሃል፣ እንደ ሕፃን። "ተይው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ምጣድ አይጥድም፣ ሦስት ቀን እሳት አትለኩሺም፣ ጎረቤት ነው የሚያጎርስሽ።" "የምን ጎረቤት?" አለችኝ። "እዚህ ጎረቤት አለኝ እንዴ? የጎን ክፍሏ ልጅ ስሜን እንኳ አታውቀውም።" እውነቷን ነው። እዚህ አገር ጩኸት ሰምቶ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው በር አያንኳኳም፣ ኮሪደሩ ላይ ጫጫታ ነበር ብሎ የሚከስ ነው የሚኖረው። "ቁርስ በልተሻል?" አልኳት። አልበላሁም አለች፣ ዳቦውን እየጠበቅሁ ነበር። "ጋግሬ ይዤልሽ መጣሁ" አልኳት፣ ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅም፤ ስልኩን ሳልዘጋ ዱቄት አወረድኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ሦስት ብርጭቆ ሰፈርኩ፣ እልሄ አልበረደም፣ እያቦካሁ እየተሳደብኩ ነው፣ እንባዬ እየወረደ ነው፣ ሳሌሃን አፉ አላልኳትም፣ አልልም። እሷን የቂያማ ቀን አገኛታለሁ፤ ልጇ ግን ቁርስ አልበላችም።